ወገቤን ለካይሮፕራክተር ሰጥቼ ያየሁት

ወገብ ሲያምም መካሪው ብዙ ነው። አንዱ በቅቤ ታሺ ይላል። ሌላው ጸበል ግቢ ይላል። አንዷ ደግሞ ከቦርሳዋ ማስታገሻ አውጥታ «ሁለቱን አንዴ ዋጪው» ትላለች። እዚህ አሜሪካ አንድ ተጨማሪ ምክር አለ፤ «ካይሮፕራክተር ጋ ሄደሽ ቋ ቢያደርግሽ ይለቅሻል»። ካይሮፕራክተር ማለት አከርካሪን በእጁ እየገፋ የሚያስተካክል ባለሙያ ነው። እኔ ሄጃለሁ። የሚያስደስትም የሚያናድድም አይቻለሁ። አሁን የሥራ ባልደረቦቼም የቤተ ክርስቲያን እህቶቼም ወገባቸውን ይዘው እኔን ስለሚጠይቁኝ፣ የማውቀውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ሐኪም አይደለሁም። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምሠራ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ነኝ። ሥራችንን የሚያውቅ ያውቀዋል። ማገላበጥ፣ ማንሳት፣ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ማዛወር፣ ዳይፐር ለመቀየር ጎንበስ ብሎ መቆየት። ናዮሽ የሚባለው የመንግሥት የሥራ ደህንነት ተቋም፣ በሽተኛ በእጅ ሲነሳ ክብደቱ ከ35 ፓውንድ፣ ማለትም ከ16 ኪሎ ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይመክራል። የአንድ ደልዳላ ሰው እግር ብቻውን እዚያ ይደርሳል! ማንሻ ማሽን የለም አይባልም፣ አለ። ግን ወይ ባትሪው አልቋል፣ ወይ ሌላ ክፍል ገብቷል። ከዚያ «እህቴ፣ አንዴ ያዥልኝ» ተባብለን እናነሳለን። ወገብ የሚሄደው እንዲህ ነው።

የኔ ሕመም ከቀበቶ ማሰሪያ ዝቅ ብሎ በቀኝ በኩል ጀመረ። ቆይቶ ወደ መቀመጫዬ ወረደ። ከዚያ በጭኔ ኋላ አልፎ እስከ ጉልበቴ ይነዝረኝ ጀመር። ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ ፈተና ሆነ። ቡና አፍልቼ ከበርጩማው ስነሳ ግድግዳ ካልያዝኩ አልችልም። ማስነጠስ ሲመጣብኝማ ቀድሜ የምደገፈው ነገር እፈልጋለሁ።

የቤተሰብ ሐኪሜ አየችኝ። በጀርባዬ አስተኝታ እግሬን ቀጥ እንዳለ አነሳችው። በተረከዝና በእግር ጣቴ አስኬደችኝ። ጉልበቴን በመዶሻ መታ መታ አደረገች። «ጡንቻሽ ተቆጥቷል፣ ነርቩም ትንሽ ተነክቷል። አደገኛ ምልክት ግን የለም» አለችኝ። አይቡፕሮፌንና ጡንቻ ማፍታቻ ክኒን አዘዘችልኝ። ክኒኑ ከወገቤ ይልቅ እኔን አፍታታኝ፤ ሥራ ላይ ቆሜ ያስተኛኛል። ለፊዚካል ቴራፒ፣ ማለትም በእንቅስቃሴ ለሚሰጠው ሕክምና፣ ሪፈራል ተጻፈልኝ፤ ቀጠሮው ግን ሳምንታት የሚያስጠብቅ ሆነ። «እስከዚያ ካይሮፕራክተር ጋ ብሄድስ?» ስላት ፊቷን ቋጠር አደረገች። «ወገብሽን ከሆነ እሺ። አንገትሽን ግን አታስነኪ።»

የሐኪሞችና የካይሮፕራክተሮች ነገር አሮጌ ጠብ ነው። ሙያውን የጀመረው ዳንኤል ዴቪድ ፓልመር የሚባል ሰው ነው፤ በፈረንጆቹ 1895፣ አይዋ ግዛት ዳቨንፖርት ከተማ ውስጥ። ፓልመር ከዚያ በፊት በማግኔት ኃይል እፈውሳለሁ ይል የነበረ ሰው ነው። የመጀመሪያ ታካሚው ሃርቪ ሊላርድ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ነበር። አከርካሪውን ገፋ ቢያደርግለት የደነቆረ ጆሮው ተከፈተ ይባላል። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ለረጅም ጊዜ አባላቱን ከእነዚህ ሰዎች ጋር እንዳትሠሩ ሲል ኖረ። በ1976 ካይሮፕራክተሮች ማኅበሩን ከሰሱ። በ1987 የፌዴራል ዳኛዋ ማኅበሩ የፀረ ሞኖፖሊ ሕግ ጥሷል ብላ ፈረደች። ዛሬ ከኮሌጅ ትምህርት በኋላ አራት ዓመት ገደማ ተምረው፣ ፈተና ወስደው፣ ከግዛቱ ፈቃድ አውጥተው ይሠራሉ። «ዶክተር» ይባላሉ፤ ግን የሕክምና ዶክተር አይደሉም፣ ቀዶ ሕክምናም አይሠሩም።

የፓልመር ወሬ ዛሬም አልሞተም። አከርካሪ ሲስተካከል አስም ይለቃል፣ ስኳር ይወርዳል፣ ደም ግፊት ይስተካከላል የሚል ክሊኒክ አሁንም ታገኛላችሁ። እንዲህ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቦርሳችሁን አንሱና ውጡ። ለወገብ ሕመም ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2017 ባወጣው መመሪያ፣ አዲስ ለጀመረ የወገብ ሕመም ከክኒን በፊት ከሚሞከሩት መካከል በሙቅ ነገር መተኮስ፣ ማሳጅ፣ አኩፓንክቸር (በቀጭን መርፌ የሚደረገው) እና ይኸው አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ይገኙበታል። ተአምር ግን አትጠብቁ። መመሪያው ራሱ አዲስ የወገብ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ እየቀለለ እንደሚሄድ ይናገራል። እጅ የሚያግዘው መንገዱን ለማቅለል ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ የመጀመሪያውን ቀን በቅናሽ ብሎ የሚጠራ ነበር። ስሙን ተዉት። ገና ወገቤን ሳይነኩ ከአንገት እስከ ዳሌ ኤክስሬይ አነሱኝ። ከዚያ ስክሪን ፊት አስቀመጡኝ። አጥንቶቼ ላይ ቀይ መስመር ተሰምሮባቸዋል። «ይኸውልሽ፣ ከቦታው ወጥቷል። ዛሬ ካልታረመ ዊልቸር ላይ ነው የምትቀመጪው።» ዊልቸር ስገፋ ለምውል ሰው! ወዲያው ወረቀት መጣ። የብዙ ወር ሕክምና፣ ክፍያው ባንዴ፣ ዛሬ ከፈረምሽ ቅናሽ አለው ተባለ። እኔ አስቀድሜ ገንዘብ የምሰጠው ለዕቁብ ብቻ ነው። «ላስብበት» ብዬ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ሳነብ፣ የካይሮፕራክተሮቹ የራሳቸው ማኅበር ይህንን አታድርጉ ይላል። አደገኛ ምልክት እስከሌለ ድረስ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ለወገብ ሕመም ኤክስሬይም ሆነ ሌላ ምስል አያስፈልግም ብሎ በ2017 መክሯል። ደግሞ ምስል ላይ የታየ ነገር ሁሉ በሽታ አይደለም። በ2015 የታተመ ሰፊ ጥናት ምንም ሕመም የሌለባቸውን ሰዎች አየ። ከ20 ዓመት ወጣቶቹ 37 በመቶው ዲስካቸው ማርጀት ጀምሯል። 80 ዓመት ላይ 96 በመቶ ይደርሳል። እኛ ዘንድ «ዲስክ ተንሸራቷል» የተባለ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ባልዲ ማንሳት ያቆማል። ወረቀቱን ይዛችሁ አትደንግጡ፤ ወረቀቱና ሕመሙ የሚገናኙ መሆኑን የሚነግራችሁ የሚመረምራችሁ ሰው ነው።

ሁለተኛውን ክሊኒክ የጠቆመችኝ አብራኝ የምትሠራ ነርስ ናት። እዚህኛው ሰው ወሬው ረጅም ነበር። ትኩሳት አለሽ ወይ፣ ሌሊት ያልብሻል ወይ፣ ሳታስቢው ከስተሻል ወይ፣ ሽንትሽን መቆጣጠር አቅቶሽ ያውቃል ወይ፣ ካንሰር ታመሽ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ከየት አገር እንደመጣሁ ሲሰማ ደግሞ ስለ ቲቢ ጠየቀኝ። ያኔ ገርሞኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትክክል ነው። ቲቢ ሳንባን ብቻ አይደለም የሚይዘው፣ አከርካሪንም ይበላል። ለወራት የማይለቅ የጀርባ ሕመም ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለ ጀርባ ላይ እጅ መጫን አጥንት ሊሰብር ይችላል። አገር ቤት ቲቢ ስንት ቤት እንደገባ እናውቃለን፤ ስለዚህ ቢጠይቋችሁ አትቀየሙ። ካልጠየቋችሁ ራሳችሁ ንገሯቸው።

ከዚያ አልጋው ላይ ወጣሁ። በግራ ጎኔ አስተኛኝ። ቀኝ ጉልበቴን አጥፎ ወደ ሆዴ ሳበው፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣጠፈልኝ። በአንድ እጁ ትከሻዬን ያዘ፣ ክንዱን ከወገቤ በታች አጥንቴ ላይ አሳረፈ። መጀመሪያ የሚገፋው ቀስ ብሎ ነው። ወገብ ሲዞር ሄዶ ሄዶ እምቢ የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ያዘውና ቆየ። «ትንፋሽሽን አስወጪ።» አስወጣሁ። ድንገት አጭር ግፊት መጣ። ቋ፣ ቋ! አላመመኝም፣ ደነገጥኩ እንጂ። ከድንጋጤው የተነሳ ሳቄ መጣ። ስነሳ ሰውነቴ ቀለለኝ። ወደ መኪናዬ የሄድኩት ቀጥ ብዬ ነው። ያን ማታ ሳልነቃ ተኛሁ። በማግሥቱ ግን ጂም የገባሁ ይመስል ጀርባዬ በሙሉ ዛለ። ይህ የተለመደ ነው፤ አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ይሄዳል። ሕመሙም ከፊሉ ተመለሰ።

ስለዚያ ድምፅ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሄደው ለድምፁ ነውና። ቋ የሚለው አጥንት ወደ ቦታው ሲገባ አይደለም። መገጣጠሚያ ውስጥ የሚያለሰልስ ፈሳሽ አለ። ሁለቱ አጥንቶች ድንገት ሲራራቁ እዚያ ፈሳሽ ውስጥ የአየር ክፍተት ይፈጠራል፣ ድምፁም ያኔ ይሰማል። በ2015 ካናዳ ውስጥ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣት ሲጎተት በኤምአርአይ ቀርጸው ይህንኑ አሳይተዋል። ጣታችሁን አንዴ ካንቋቋችሁት ወዲያው የማይደገመውም ለዚህ ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ድምፅ ካልተሰማ አልተሠራልኝም አትበሉ፤ ብዙ ስለጮኸም ብዙ ዳንኩ አትበሉ። ድምፁን የሚፈራ ሰው «ቀስ ባለው መንገድ ይሁንልኝ» ማለት ይችላል። በእጅ የምትያዝ፣ ስፕሪንግ ያላት ትንሽ መሣሪያ አለቻቸው፤ ጠቅ እያለች ነጥብ በነጥብ ትገፋለች። አልጋው ራሱ ዝቅ የሚልበትም ዘዴ አላቸው። እኔ ሁለቱንም አይቻለሁ፤ ለኔ ከጎን ተኝቶ የሚሠራው ይሻለኛል።

በሌላ ቀን «አንገትሽንም ላየው?» አለኝ። «ማየት ትችላለህ፤ መጠምዘዝ ግን አልፈልግም» አልኩት። «እሺ» ብሎ ነገሩን ዘጋው። ያመንኩት ያን ቀን ነው። በአንገት አጥንቶች ውስጥ ወደ አእምሮ የሚወጡ የደም ሥሮች አሉ። አንገት በኃይል ሲጠመዘዝ የደም ሥሩ ግድግዳ የመሰንጠቅና ስትሮክ የማምጣት ዕድል አለ። ብዙ ጊዜ የሚሆን ነገር አይደለም፤ ሲሆን ግን ሰው ያጠፋል። በተለይ ከዚህ በፊት ታይቶ የማይታወቅ ድንገተኛ የአንገት ወይም የራስ ምታት ያለበት ሰው አንገቱን ለማንም መስጠት የለበትም፤ የደም ሥሩ ቀድሞ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። አንገቱን አስነክቶ ከቤት የገባ ሰው ካዞረው፣ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ ከታየው፣ አፉ ከተያዘ ወይም ፊቱ ከተጣመመ፣ 911 ነው። «ልተኛና ይለፍልኝ» አይሠራም። ይህ ጸጉር ቤት ውስጥ ከተቆረጡ በኋላ አንገታቸውን ለሚያስጠመዝዙ ወንድሞቻችንም ይሆናል።

አሁን ወደ ሌላኛው እጅ ልምጣ፤ ለኔ ለውጥ ያመጣው እሱ ነውና። እዚያው ክሊኒክ ፈቃድ ያላት የማሳጅ ቴራፒስት አለች። ሻማና ሙዚቃ ያለበት የመዝናኛ ማሳጅ አይደለም። ጡንቻና ጡንቻውን የሚሸፍነውን ስስ ሽፋን ቦታ እየለየች የምትሠራ ናት። መጀመሪያ ቆሜ ጎንበስ ቀና አስደረገችኝ። ከዚያ በሆዴ አስተኛችኝ። በጣቷ ከወገቤ አጥንት ግራና ቀኝ እየሄደች ፈለገች፤ ወደ ቀኝ መቀመጫዬ ወረደች። ከዳሌ አጥንት በታች ወደ ውስጥ ገባ ያለ ቦታ ላይ ቆመች። ክርኗን አሳረፈችበት። ከሥሩ፣ በደንብ ያልተማሰለ ገንፎ ውስጥ እንደሚገኝ ጓል፣ አንድ ነገር ተሰማኝ። ስትጫነው ሕመሙ እዚያ አልቀረም። በጭኔ ኋላ አድርጎ እስከ ጉልበቴ ወረደ፣ ልክ ለወራት ሲነዝረኝ በነበረው መንገድ!

«ከአሥር ስንት ነው?» አለችኝ።

«ስምንት።»

ትንሽ ለቀቅ አደረገች። «አሁንስ?»

«ስድስት።»

«እዚህ እንቆያለን። ትንፋሽሽን እንዳትይዢ።» ክርኗ አልተንቀሳቀሰም። ቀስ እያለ አምስት ሆነ፣ አራት ሆነ። በመጨረሻ ያ ጓል ከክርኗ ሥር ሟሟ። ከዚያ ጉልበቴን አጥፋ እግሬን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እያዞረች ያንኑ ጡንቻ ተጭና አንቀሳቀሰችው። ይህ ፒሪፎርሚስ የሚባል ትንሽ ጡንቻ ነው። ትልቁ የእግር ነርቭ፣ ሳያቲክ የሚሉት፣ በሥሩ ያልፋል። ጡንቻው ሲቋጠር ነርቩን ያናድደዋል። ሹፌር ባሎች ያሏችሁ ሴቶች፣ የኪስ ቦርሳውን ከኋላ ኪሱ አስወጡት። ቀኑን ሙሉ በዚያ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህንኑ ቦታ ነው የሚደቁሰው።

ስለ መጋለጥ የምትጨነቁ ካላችሁ፣ እኔም ተጨንቄ ነበር። የሚሠራበት ቦታ ብቻ ነው የሚገለጠው፣ ሌላው በአንሶላ ይሸፈናል። ቁምጣ ለብሶ መሠራትም ይቻላል። ሲደወል «ሴት ባለሙያ እፈልጋለሁ» ማለት ነውር የለውም፣ ብዙ ሰው ይጠይቃል። ሰው ይዞ መግባትም ይቻላል። አንድ ነገር ካልተመቻችሁ መሃል ላይ ማስቆም መብታችሁ ነው። እኛ ይሉኝታ ይዞን «ትንሽ ነው፣ ልቻለው» እንላለን። ጥርስ እየነከሱ መታሸት ደግሞ አይጠቅምም፣ ጡንቻው ከፍርሃት ይብስ ይቋጠራል።

አንድ ጊዜ የማሳጅ ቴራፒስቷ ቆዳ የሚስብ ኩባያ ጀርባዬ ላይ ለጠፈችብኝ። ክብ ክብ ሰንበር ይዤ ቤት ገባሁ። እናቴ ያኔ ለጥየቃ መጥታ እኛ ጋ ነበረች። ስታየኝ «አንቺ ልጅ፣ ዋገምት ለመታገም ነው አሜሪካ ድረስ የመጣሽው?» ብላ ሳቀችብኝ። ልክ ናት። ልዩነቱ ቆዳው በምላጭ አለመበጣቱ ነው። ምላጭ ያለበትን ግን አልመክርም፤ ንጽሕናው ካልተጠበቀ ሄፓታይተስም ኤችአይቪም ያስተላልፋል።

እናቴ ወጌሻ ነው የምታምነው። እኔም አልንቃቸውም። ወለምታን በጣታቸው ፈልገው የሚያገኙ፣ የሰውነትን ነገር በእጃቸው ያወቁ ሰዎች አሉ። የኳስ ቡድኑን ማሳጅ የሚሠራውንም ወጌሻ ነው የምንለው። ግን ስብራትና ወለምታ በእጅ ብቻ አይለዩም። አጥብቆ የታሰረ ስብራት ደም ዘግቶ እጅ እግር ያስቆረጠባቸው ልጆች ታሪክ በአገራችን ሆስፒታሎች የታወቀ ነው። እብጠት ካለ፣ ጣት ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ እሱ ለሆስፒታል ነው።

እንግዲህ ካይሮፕራክተሩ ይሻላል ወይስ ማሳጁ? ሁሌ የምጠየቀው ይህ ነው። የኔን ልንገራችሁ። ማስተካከሉ በአንድ ጊዜ ያቀልላል፣ ግን ቶሎ ይመለሳል። የጡንቻው ሥራ ዘገምተኛ ነው፣ ግን ይቆያል። ሁለቱም ብቻቸውን ቢሆኑ ግን እስካሁን እየከፈልኩ እሄድ ነበር። የቆረጠው ፊዚካል ቴራፒው ነው። ቀጠሮው ሲደርስ ሰውነቴ ተፍታቶ ስለነበር እንቅስቃሴውን መሥራት ቻልኩ። በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ባንዴ መዘርጋት። ተንጋልሎ ጉልበት አጥፎ ዳሌን ከመሬት ማንሳት። በጎን ተኝቶ በክርን መደገፍ። ከሥራ በኋላ በእግር መሄድ። አሰልቺ ነው፣ ማንም ፎቶ አያነሳበትም። ልጄ ካርቱን ስታይ አጠገቧ ምንጣፍ ላይ ሆኜ እሠራዋለሁ።

ሥራ ላይም አካሄዴን ለውጫለሁ። በሽተኛ ከማገላበጤ በፊት አልጋውን እስከ ወገቤ ድረስ ከፍ አደርጋለሁ። ደቂቃ አይፈጅም፣ ቸኩለን ነው የምንተወው። የሚያንሸራትተውን ጨርቅ እጠቀማለሁ። ስዞር ወገቤን ሳይሆን እግሬን አዞራለሁ። ማሽኑ እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ሱፐርቫይዘሯ ብትገላምጠኝም። ሥራ ላይ ወገባችሁ ቀጭ ካለ ደግሞ ያኑ ቀን በጽሑፍ ሪፖርት አድርጉ። «ነገ ይተወኛል» ብላ ዝም ያለች፣ በኋላ የሠራተኛ ካሳ ኢንሹራንሱ «ሥራ ላይ መሆኑን በምን እናውቃለን?» ይላታል።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ማንም ከመንካቱ በፊት ሐኪም ይያቸው፤ አጥንታቸው የሳሳ ትልልቅ እናቶች፣ ፕሬድኒዞን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የወሰዱ፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ፣ ካንሰር የነበረባቸው፣ ሪህ መገጣጠሚያቸውን ያበላሸባቸው፣ ወድቀው ወይም መኪና ገጭቷቸው የመጡ። ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፤ አተኛኘቱም አሠራሩም ይለያል። መቀመጫና ብልት አካባቢ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይም ካመለጠ፣ እግር ከዛለ፣ እሱ ድንገተኛ ክፍል ነው። ነርቮቹ ታፍነው ይሆናል፤ ሰዓት የሚቆጠርበት ነገር ነው።

ስለ ገንዘቡ ልጨርስ። ስትደውሉ መጀመሪያ ኢንሹራንሴን ትቀበላላችሁ ወይ፣ ኮፔዬ፣ ማለትም በየቀጠሮው ከኪሴ የምከፍለው፣ ስንት ነው፣ በዓመት ስንት ጊዜ ይሸፍናል በሉ። ኢንሹራንስ ከሌላችሁ የካሽ ዋጋ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ሜዲኬር፣ የመንግሥቱ የአረጋውያን ኢንሹራንስ፣ ያላቸው ወላጆቻችሁ፣ አከርካሪን በእጅ ማስተካከል ይሸፈንላቸዋል። ካይሮፕራክተሩ የሚያነሳው ኤክስሬይና ማሳጁ ግን በሜዲኬር አይከፈልም፣ ከኪስ ነው።

ቢል ሲመጣ ቁጥሮቹን እዩ። 98940 ማለት ከአምስቱ የአከርካሪ ክፍሎች አንድ ወይም ሁለት ተሠራ ነው። 98941 ሦስት ወይም አራት፣ 98942 አምስቱም። 97140 ደግሞ እንደ ጡንቻው ሥራ ያለ በእጅ የሚሰጥ ሕክምና ነው፣ በ15 ደቂቃ የሚታሰብ። ወገቧ ብቻ ተነክቶ 98942 የተጻፈባት ጓደኛ አለችኝ። ደውላ «የተሠራልኝን የጻፋችሁበትን ማስታወሻ ላኩልኝ» ስትላቸው አስተካከሉት።

መኪና ሲገጫችሁ ደግሞ ስልኩ ወዲያው ይጮኻል። የማታውቁት ሰው በአማርኛ «እህቴ፣ እዚህ ክሊኒክ ሂጂ፣ ጠበቃም አለኝ፣ ምንም አትከፍይም» ይላል። እንዳትቸኩሉ። መጀመሪያ ሐኪም ይያችሁ። ጠበቃችሁንም ክሊኒካችሁንም ራሳችሁ ምረጡ። «ምንም አትከፍይም» የተባለው ብዙ ጊዜ ከካሳው ላይ የሚቆረጥ ነው፤ ያልሄዳችሁበት ቀን ሳይቀር ፈርሙ የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ ደግሞ ወንጀል ላይ እየፈረማችሁ ነው።

ከሥራ ቦታችሁ የኤፍኤስኤ ወይም የኤችኤስኤ ካርድ (ለሕክምና ተብሎ ከግብር ነጻ የሚቀመጥ ገንዘብ) ካላችሁ ለካይሮፕራክተር ይሠራል። ለማሳጁም ሊሠራ ይችላል፣ ግን ለሕክምና እንደሚያስፈልግ የሚገልጽ ደብዳቤ ከሐኪም መያዝ አለባችሁ። ደብዳቤው ከመጀመሪያው ቀጠሮ በፊት ይጻፍ፤ ደረሰኙንም አትጣሉ።